ስፌት ያለባት አራስ

አራስ መጠበቅን የሚያውቅ ሕዝብ ነን። በባሕር ዳርም ሆነ በጣና ዳርቻ ባሉት መንደሮች አንዲት ሴት ወልዳ ስትተኛ ገንፎው የሚገነፋው፣ አጥሚቱ የሚሞቀው፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ የሚያድረው ማንም ሳያዝ ነው፤ ብርድ እንዳይመታት፣ ብቻዋን እንዳትሆን፣ ከባድ ነገር እንዳታነሳ ሁሉም ይጠነቀቅላታል። ይህ ወግ ግን የተሠራው እናቶች ሁሉ በምጥ በሚወልዱበት ዘመን ነው። በቀዶ ሕክምና መውለድ ለአገራችን ቤተሰብ ገና አዲስ ነገር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ በዚህ መንገድ የተወለዱት ከ100 ሕፃናት 2 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ አያት ለልጅ ልጇ የምታወርሰው የአራስ አያያዝ ዕውቀት የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ ከእምብርት በታች ስላለ የተሰፋ ቁስል የሚናገረው ነገር የለውም። በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ ለሌላ ዓይነት ወሊድ የተበጀው ልማድ ይገባል፤ አንዳንዱ ልማድ ስፌቱን ይጠቅመዋል፣ አንዳንዱ ግን ይጎዳዋል።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የወሊድ ክፍል የምሠራ አዋላጅ ነኝ። ከከተማዋ ቀበሌዎች፣ ከዘጌ፣ ከአንዳሳ፣ ከመሸንቲ፣ አንዳንዴም ከደቅ ደሴት በጀልባ የሚመጡ እናቶችን እንቀበላለን፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸውንም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕፃናቸውን አሳቅፈን እንሸኛለን። በደህና የሸኘናት እናት ስፌቷ መግል ይዞ፣ ሰውነቷ በትኩሳት እየነደደ፣ በዘመድ ትከሻ ተደግፋ ስትመለስ ማየት ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደኝ ነው። ይህንን የምጽፈው በዋናነት አጠገቧ ለሚሆኑት፣ ለእናቷ፣ ለአማቷ፣ ለእህቷና ለባሏ ነው። በእነዚያ ቀናት እሷ ሕመም ላይ ስለምትሆን ብዙውን ነገር የሚወስኑላት እነሱ ናቸውና።

በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት በኢንፌክሽን የመያዝ ዕድሏ በምጥ ከወለደችው ከ5 እስከ 20 እጥፍ ሊበልጥ እንደሚችል የሕክምና ጽሑፎች ያስቀምጣሉ። ምክንያቱን ለመረዳት የሚከፈተውን ነገር ማሰብ ይበቃል። ሐኪሙ ቆዳውን፣ ከሥሩ ያለውን ስብ፣ የሆድ ጡንቻን የሸፈነውን ጠንካራ ሽፋንና የሆድ ዕቃን ያለበሰውን ስስ ሽፋን አልፎ ማህፀኑን ይከፍታል፤ ሕፃኑና እንግዴ ልጁ ከወጡ በኋላም እነዚህ በየደረጃቸው ይሰፋሉ። ከውጭ የምናየው አንድ መስመር ስፌት ከሥሩ ሌሎች ስፌቶች አሉት ማለት ነው። ተሕዋስያኑ ከራሷ ቆዳ፣ ከብልቷ ወደ ማህፀን ከሚወጡት፣ ወይም ከሰው እጅና ከዕቃ ሊመጡ ይችላሉ። በዚህም ምክንያት ኢንፌክሽኑ አንዳንዴ በቆዳው ስፌት፣ አንዳንዴ በማህፀኑ ውስጠኛ ግድግዳ፣ አንዳንዴም በሽንት መንገድ ይታያል፤ ስፌቱ ውጪው ደህና መስሎ እናቲቱ ውስጧ ሊታመም ይችላል።

ጊዜውን ማወቅ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። በሕክምናው ዓለም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ በስፌቱ ላይ የሚታይ ኢንፌክሽን ከቀዶ ሕክምናው ጋር ተያይዞ ይመዘገባል፤ የቆዳ ስፌት መመርቀዝ ግን በብዛት ራሱን የሚገልጠው ከ4ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እናቲቱ በ3ኛው ቀን ግድም ስፌቷ ደርቆና አምሮ ከሆስፒታል ስትወጣ፣ ቤተሰቡ አደጋው ሁሉ ያለፈ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዋነኛው የመጠበቂያ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ እኛ ሳናያት በምትተኛበት በአራስ ቤቷ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ከሚደረገው ጥንቃቄ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ቆዳው ከመቆረጡ በፊት የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ነው። ቀድሞ መድኃኒቱ ወደ ሕፃኑ እንዳያልፍ በመፍራት እትብቱ ከታሰረ በኋላ የመስጠት ልማድ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ከመቆረጡ በፊት እንዲሰጥ መክሯል፤ ምላጩ ቆዳውን በሚነካበት ሰዓት መድኃኒቱ በሰውነቷ ተሰራጭቶ መገኘት አለበትና። ሴፋዞሊንን የመሰለ መድኃኒት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል፤ ቀዶ ሕክምናው ከረዘመ ወይም ብዙ ደም ከፈሰሰ ይደገማል። ኢንፌክሽን ለሌላት እናት ይህንን መከላከያ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ማራዘም እንደማይገባ ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቀዶ ሕክምና ኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያው አስቀምጧል።

ይህንን በዝርዝር የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የመውጫ ወረቀቷ ላይ የሕመም ማስታገሻና የደም ማነስ ክኒን ብቻ ሲያዩ ቅር የሚላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ «ያለ መድኃኒት ሰደዷት» ብለው ከሆስፒታሉ በር ሳይርቁ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ይገዙላታል። ሐሳባቸው ፍቅር ነው። ነገር ግን ያለ ትእዛዝ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ኢንፌክሽን የሌላትን እናት አይጠብቃትም፤ ኢንፌክሽን የጀመራትን ደግሞ ትኩሳቷን ለጥቂት ቀናት አብርዶ መግሉ በውስጥ እንዲጠራቀም ጊዜ ይሰጠዋል፣ ተሕዋስያኑም መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል። ሐኪም አይቶ ካዘዘላት ግን በታዘዘው ሰዓትና እስከ ታዘዘው ቀን ድረስ መጨረስ አለባት፤ ተሻለኝ ብላ ግማሹን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ የለባትም።

ከመውለዷ በፊት ቤተሰብ ሊያደርግ የሚችለው ነገርም አለ። ወደ ሆስፒታል ስትመጣ ንጹሕ ሆና ለመቅረብ ብላ የብልቷን ፀጉር በምላጭ ተላጭታ የምትመጣ እናት አለች፤ ምላጩ በዓይን የማይታዩ ጭረቶችን ትቶ ተሕዋስያን የሚያድጉበትን ቦታ ስለሚያመቻች፣ በውሃና በሳሙና መታጠቡ ይበቃታል፤ ፀጉሩ የግድ መነሳት ካለበት እኛ በመቁረጫ እናሳጥረዋለን። የሽርት ውሃ ፈስሶ ምጥ ቢዘገይም «ይምጣላት እንጠብቅ» ብሎ ቤት ማደር ደግሞ ከምላጩ እጅግ የሚብስ ነው፤ ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ወደ ማህፀን የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው፣ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥርም ተሕዋስያን ወደ ላይ ይወጣሉ። በብዙ እጅ መመርመርም እንዲሁ አደጋ አለው። ምጧ በደህና እየገፋ ላለ እናት በየ4 ሰዓቱ አንድ ጊዜ የውስጥ ምርመራ ይበቃታል፤ ስለዚህ ባለሙያ «አሁን መመርመር አያስፈልግም» ሲላችሁ ችላ ብሏት ነው ብላችሁ አትዘኑ።

ወደ ቤት የሚደረገው ጉዞ አጭር ጉዳይ ነው፤ ሆኖም ከሐይቁ ማዶ የሚመለሱትን ልብ ሊያሰኝ ይገባል። በጀልባ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ የምትሄድ እናት የሚረጨው ውሃ ልብሷን አልፎ የስፌቷን መሸፈኛ እንዳያረጥብ በላዩ ደረቅ ነጠላና ውሃ የማያስገባ ነገር ይደረብላት። መሸፈኛው ከረጠበ እርጥቡን ጎዝ ይዛ አትደር፤ ንጹሕ እጅ ያለው ሰው ያንሳላት።

አሁን ወደ አራስ ቤቱ ልግባ፤ ከሁሉ ሰፊው ጉዳይ እዚህ ነው። ስፌቱ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የቆዳው ጫፍና ጫፍ ተያይዞ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ባለሙያ ሌላ ካላላት በስተቀር መታጠብ ትችላለች፣ መታጠብም አለባት። አራስ ውሃ አይንካት የሚለው ፍርሃት ለስፌቱ አይበጅም፤ ላብና ቆሻሻ ተጠራቅሞበት የሚሰነብት ቆዳ ለተሕዋስያን ይመቻል። ነገር ግን ውሃው የትኛው ውሃ ነው? ጣና ሕይወታችን ነው፤ ይሁንና በዳርቻው ሰው የሚዋኝበት፣ ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በአንዳንድ ቦታም የቢልሃርዚያ ተሕዋስያን የሚገኙበት ውሃ ነው፤ ስለዚህ ከሐይቁ የተቀዳ ውሃ እንዳለ ስፌት ላይ መፍሰስ የለበትም። የቧንቧ ውሃ ለሌለው ቤት ውሃውን አፍልቶ በንጹሕና በተከደነ ዕቃ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። እናቲቱ ቆማ ወይም በርጩማ ላይ ተቀምጣ ውሃውና ሳሙናው ከላይ ወደ ታች ይውረድላት፤ ስፌቱ አይታሽ፣ አይፈግፈግ። ከዚያ ለእሱ ብቻ በተለየ፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደረቀ ጨርቅ ቀስ ብሎ ነካ ነካ እያደረጉ ማድረቅ ነው። ሆዷ በስፌቱ ላይ የሚታጠፍባት እናት በእጥፋቱ ውስጥ ላብ ስለሚቆይ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ተንጋልላ ቦታው አየር እንዲያገኝ ብታደርግ መልካም ነው።

ስፌቱ ላይ ምን ይቀባ? ባለሙያ ያላዘዘው ምንም ነገር አይቀባ። ቅቤ፣ የተፈጨ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፣ የተቀጠቀጠ ቅጠል፣ እነዚህን ሁሉ ስፌት ላይ አይቼአለሁ፤ ያደረጉትም እናቲቱን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ቅቤ ለምግቧ ይሁን፤ ቆዳ ላይ ግን እርጥበትን ያፍናል፣ የተነጠረ ካልሆነም የራሱን ተሕዋስያን ይዞ ይመጣል። ስለ ጠበል ስናገር በአክብሮት ነው፤ የእምነቷ ነገር ነውና ማንም ሊከለክላት አይገባም። ግንባሯንና እጇን ብትዳበስበት ስፌቱን የሚነካው ነገር የለም፤ ቁስሉ ላይ እንዳይፈስ ብቻ እንጠንቀቅ።

የወይባ ጢስ ጉዳይ ከብዙ እናቶች ጋር ያነጋግረኛል። ጢሱ ሰውነትን ያፍታታል፣ ደስም ይላል፤ ይሁን እንጂ ስፌቷ ገና ያልጠና እናት ተሸፋፍና በላብ ስትጠመቅ ቁስሉ ይርሳል፣ አቀማመጡም ሆዷን ይወጥራል። ቢያንስ በ6ኛው ሳምንት ታይታ ስፌቷ መዳኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ይቆይላት። ሆድ በመቀነት አጥብቆ ማሰርም እንዲሁ ነው። ስትስል ወይም ስትነሳ ሕመሙን ለመቀነስ በእጇ ወይም በትራስ ደገፍ ማድረጉ ይበቃታል፤ የሚደገፍ ነገር ከፈለገች ደግሞ ንጹሕ፣ ላላ ያለና በየጊዜው የሚፈታ ይሁን። ላቡ ውስጡ የሚቀርና ስፌቱን ሳያሳይ የሚውል መቀነት ግን ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ቁስሉን ያረጥባል፣ መመርቀዝ ሲጀምርም ይደብቀዋል።

የወሊዱን ደም የምትቀበልበት ሞዴስም ሆነ ጨርቅ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት፤ ጨርቅ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ በጓዳ ሳይሆን በፀሐይ ይድረቅ። የሚያፍረን ነገር ሆኖ ብዙ ጊዜ ጨለማ ውስጥ ስለምናሰጣው እርጥብ ሆኖ ይመለሳል። ከወንድ ልጅ 40 ቀን፣ ከሴት ልጅ 80 ቀን በፊት ባልና ሚስት አይገናኙም የሚለው የቆየ ሥርዓት ግን ለማህፀኑ መዳን የሚያግዝ ስለሆነ፣ ባልየው በደስታ ይጠብቀው።

ጠያቂ ለአራስ ደስታዋ ነው፣ እንዳይመጣም አልልም። ግን በሩ ላይ የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ይቀመጥ፤ ለምግብ እጅ ማስታጠብ ባህላችን አይደለምን? ለአራስም ያንኑ እናድርግ። አልጋዋ ላይ አይቀመጡባት፣ «እስቲ ስፌቱን ልየው» የሚል ሰውም አይንካት። ስፌቱን በየቀኑ የምታየው አንዲት ሴት ትሁን፣ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ በብርሃን። ይህች ሴት የዛሬውን ከትናንቱ ጋር ለማነጻጸር ስለምትችል ከማንኛችንም በፊት ለውጡን የምታየው እሷ ናት። በቦታው መደንዘዝ፣ ማሳከክ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት የጠራ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀይ ፈሳሽ መታየቱ አያስደነግጣት። መቅላቱ እየሰፋ፣ ቦታው እየጋለና እየጠጠረ፣ ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ እየጨመረ ከመጣ፣ መግል ወይም ሽታ ካለ፣ ስፌቱ ከተከፈተ፣ እነዚህ ለነገ የሚቀጠሩ አይደሉም።

ከሁሉ የምፈራው ነገር ምች ነው። አራስ ትኩሳት ሲይዛትና ሲያንቀጠቅጣት በብዙ ቤት የመጀመሪያው ፍርድ «ምች መቷታል» የሚል ነው፤ በሩ ላይ ፀሐይ አገኛት፣ የምግብ ሽታ አገኛት ይባልና ዳማከሴ ይታሻል፣ ተሸፍና ታልባለች፣ አንድ ቀን ያልፋል፣ ሁለተኛውም ያልፋል። አንዲት አማት በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ ምራቷን ዘግይተው ሲያመጧት «ልጄ፣ ምች ነው ብለን እኮ ነው የቆየነው፤ ዳማከሴው ትንሽ አብርዶላት ነበር» አሉኝ። «እማማ፣ ዳማከሴውን አልነቅፍብዎትም፤ ስፌት ያለባት አራስ ስትሞቅ ግን መጀመሪያ ሐኪም ያያት» አልኳቸው። እኚህ ሴት ምራታቸውን እንደ ልጃቸው የሚወዱ፣ ሌሊቱን ሳይተኙ ያስታመሟት ናቸው፤ የጎደላቸው ፍቅር ሳይሆን ይህ ዓይነቱ ትኩሳት ከእሳቸው ዘመን ትኩሳት ጋር አንድ አለመሆኑን የነገራቸው ሰው ነው። እኛ ነበርን መንገር የነበረብን፤ ከሆስፒታል የምትወጣበት ቀን ምክሩ ለእናቲቱ ብቻ ሳይሆን ለአስታማሚዋም መሰጠት አለበት ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ቴርሞሜትር በሌለበትም ሰውነቷ ከጋለና ብርድ ብርድ ካላት፣ የሚፈሳት ደም ከሸተተ፣ የሆዷ የታችኛው ክፍል ሕመም ከበረታ፣ ሽንት ስትሸና ካቃጠላት፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት። ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ልቧ በፍጥነት ከመታ፣ ንግግሯ ከተምታታ፣ ከደከመችና ከፈዘዘች፣ ሽንቷ ካነሰ ግን ኢንፌክሽኑ ወደ ደሟ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል አፋጣኝ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን አምቡላንስ ይጠራ፣ ካልተገኘ ባጃጅም ሆነ ጀልባ ተፈልጎ ትነሳ። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ የሚመጣ ከፍተኛ ትኩሳትና ከስፌቱ መልክ ጋር የማይመጣጠን ብርቱ ሕመም በተለይ አደገኛ ነው፤ ያኔ ገና ሆስፒታል ከሆነች እኛን ከመጥራት አትፈሩ፣ ደጋግማችሁም ጥሩን።

ስለ ምግብ ጥቂት ልጨምር። ገንፎና አጥሚት ኃይል ይሰጧታል፤ ቁስል ለመዳን ግን እንቁላል፣ ሥጋ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ለእኛ ደግሞ በቅርብ የሚገኘው የጣና አሳ ያስፈልጉታል። ደም ያነሳት እናትና የስኳር ሕመም ያለባት እናት ስፌታቸው ቶሎ ስለማይድንና በቀላሉ ስለሚመረቅዝ፣ የታዘዘላቸውን ክኒንና የስኳር ክትትል በአራስነታቸው ምክንያት እንዳያቋርጡ። መነሳትና ቀስ ብሎ በክፍሉ ውስጥ መራመድ ስፌት ይበጥሳል ተብሎ ይፈራል፤ አይበጥስም፣ እንዲያውም ደሟ እንዳይረጋ ይጠብቃታል። ውሃ የሞላ ጀሪካን ማንሳት ግን እስከ 6 ሳምንት ለሌላ ሰው ይተው።

ቀጠሮዋን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የድኅረ ወሊድ መመሪያ እናቲቱ በመጀመሪያው ቀን፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው፣ እንዲሁም በ6ኛው ሳምንት እንድትታይ ይመክራል። ለስፌቱ ከሁሉ የምሳሳለት ሦስተኛው ነው፤ የማይሟሟ ክር ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በዚያ ወቅት ነው፣ የሚመረቅዝ ስፌትም የሚታየው ያኔ ነው። ሆኖም ብዙ እናቶች ደህና ነኝ ብለው ይቀሩበታል፤ ከደሴት ወይም ከሩቅ ገጠር መመለስ ካልተቻለ በቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ ትታይ፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ቤቷ መጥታ እንድትጎበኛት መውለዷ በጊዜ ይነገራት።

ስፌቷ የተመረቀዘባት እናትም ተስፋ አትቁረጥ፣ አትፈርም። መግል የያዘ ስፌት ሲገኝ መግሉ እንዲወጣ ይከፈታል፣ ይታጠባል፣ ጎዙ በየጊዜው ይቀየራል፣ እንደ ሁኔታው አንቲባዮቲክ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ከታች ወደ ላይ ሞልቶ ይድናል፣ አንዳንዱ ከጠራ በኋላ እንደገና ይሰፋል። ይህ እየተደረገ ሕፃኗን ማጥባት አታቋርጥ፤ የሚታዘዝላት መድኃኒት ለምታጠባ እናት የሚሆን እንዲመረጥ ስትመጣ እያጠባች መሆኑን ትናገር። ስትመጣ ታዲያ የመውጫ ወረቀቷን፣ ከሄደች በኋላ የወሰደችውን መድኃኒት ማሸጊያና ስፌቱን በየቀኑ ታይላት የነበረችውን ሴት ይዛ ትምጣ፤ መቅላቱ በየትኛው ቀን እንደጀመረና ትኩሳቱ መቼ እንደተነሳ ከማንም በተሻለ የምትነግረን እሷ ናት።